የልጅሽ የፍጻሜ ጨዋታ

ለውድ እህቴ ለእትዬ፣

ናፍቆትሽን ካልቆጠርነው እኛ ደህና ነን፤ አንቺንስ ሥራው እንዴት ይዞሻል?

ልጅሽ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ለሴቶች ቼዝ ፍጻሜ ደርሳ ቅዳሜ ከአንዲት የባንክ ሠራተኛ ጋር ተጫወተች። አባባ ባስጠኗት አከፋፈት ጀመረች፤ ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ገፋች፣ ቀጥላ የጎኑን ወታደር ለመበላት ሰጠች። ሴትዮዋም በላችው። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ግን ፈረሱን ማውጣት ሲገባት ንግሥቷን አወጣች። አባባ ከተመልካቹ መሃል ወንበራቸውን በእግራቸው ገፍትረው ተነሱ። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ሰሌዳውን ትታ እሳቸውን ስታይ ተሸነፈች።

ቤት እንደገባን «እስቲ አከፋፈቱን ድገሚው» አሏት። ወታደሩ ከእጇ ወደቀባት። እኛን ያስተማሩበት ማስመሪያ አሁንም አለ። ሲያነሱባት መሃል ስገባ አንድ ጥርሴ ተነቃነቀ፤ ስበላ ብቻ ነው የሚያመኝ። የልጅቷን ሁለት ጣቶች ሐኪሙ አስሯቸዋል፤ በር ያዛት አልነው። ዛሬ በእሷ ፈንታ የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው።

ሰሌዳው ስለተሰነጠቀ አባባ አዲስ ገዝተዋል፤ ልምምዱ ሰኞ ይቀጥላል ብለዋል። የዓመት ፈቃድሽን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ባታቆዪው ጥሩ ነው። ትኬት ስትቆርጪም ለእኔ እንጂ ለቤት አትደውዪ።

ልጅሽ «ሳሚልኝ» ብላኛለች፤ እኔም አንገትሽን አቅፌ እሰናበትሻለሁ።

ታናሽሽ