እናትህ ማደንዘዣውን እምቢ አለች

ውድ ዘካርያስ፤

ልደውልልህ አስቤ ነበር። ግን በስልክ አንተ ታቋርጠኛለህ፣ እኔም እቆጣለሁ። በጽሑፍ ከሆነ እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

እናትህ ቀዶ ሕክምናውን እምቢ ብላለች። የሐሞት ከረጢቷ በጠጠር ተሞልቶ መቁሰሉን ታውቃለህ። ዶክተር ጋሮምሳ ዝም ብላ ከቆየች ሕይወቷን እንደሚያሳጣት ፊት ለፊት ነግሯታል። እሷ ምላጩን አልፈራችም፤ የፈራችው ማደንዘዣውን ነው። ያስፈራራሃትም አንተ ነህ።

የፋሲካ ዕለት ያደረግኸውን ንግግር አስታውስ። ባቱ ላይ ለተማሪዎችህ ፊዚክስ ማስተማርህ አልበቃህ ብሎ፣ ገበታው ሳይነሳ እኛን ማስተማር ጀመርክ። የሰው ንቃተ ኅሊና ከኳንተም፣ ከአቶም በታች ካለው ረቂቅ ዓለም፣ የሚመጣ ነው አልክ። በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ይኖራል፣ ማደንዘዣ ሲሰጥ ከቱቦዎቹ ይወጣል፣ "ይህንን ሳይንስ አረጋግጧል" አልክ። "ማን አረጋገጠው?" ብዬ ስጠይቅህ "አክስቴ፣ ይሄ እኮ በእርስዎ ዘመን አልነበረም" ብለህ አሳቅህብኝ። እናትህ ግን አልሳቀችም። እሷ ቃልህን ትይዝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ልብሷን ለሆስፒታል ሳዘጋጅ እጄን ያዘችኝ።

"እትዬ፣ ወጥታ መንገድ ብትስትስ?"

"ማን ናት የምትወጣው?"

"ነፍሴ ናታ! ዘኬ ትወጣለች ብሏል። ሆስፒታሉ ደግሞ እንደ ገበያ ነው፤ አልጋው ሁሉ ሰው ተኝቶበታል። ስትመለስ ሌላ ሰው ውስጥ ብትገባስ?"

ልጅሽ የተናገረው መላምት ነው አልኳት። አንዳንድ ሊቃውንት ይደግፉታል፤ ሌሎቹ ደግሞ አንጎል ሙቅና እርጥብ ስለሆነ እንዲህ ያለ ረቂቅ ነገር ለቅጽበት እንኳ አይጸናበትም ይላሉ፤ ክርክሩ ገና አላለቀም፣ ስለ ነፍስ መንገድ ግን ማንም አላወራም አልኳት። "አንቺ ድሮም ልጄ ሲመሰገን አይመችሽም" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የንስሐ አባቷን መምሬ ዲበኩሉን አስመጣሁ። "ልጄ፣ ነፍስ በእግዚአብሔር እጅ ናት፤ ሂጂና ታከሚ" አሏት። መስቀላቸውን ተሳለመችና "አባቴ፣ የነፍሱን እርስዎ ያውቃሉ፤ የቱቦውን ግን ልጄ ነው የሚያውቀው" አለቻቸው። መምሬ ወደ እኔ ዞሩ። "የምን ቱቦ ነው ደግሞ?" በዚህ ዕድሜዬ በቄስና በበሽተኛ መካከል ቆሜ ኳንተም ሳብራራ ዋልኩ። መምሬ በትዕግሥት ሰሙኝና ውኃ ለመኑኝ።

መላምቱን ጠልቼው አይደለም። ካነበብኩት ወዲህ እንዲያውም ገርሞኛል። እኛን ያስተማሩን ሰዎች ግምትን እንደ እውነት አድርገን ስንናገር መዳፋችንን በማስመሪያ ይመቱን ነበር። ዱላው ይቅር፤ ትምህርቱ ግን ለምን ቀረ? ተመራማሪዎቹ ራሳቸው "ምናልባት" ብለው የጻፉትን አንተ "ተረጋግጧል" ብለህ ሰጠሃት። ለማን? የተናገርከውን ሁሉ ለምታምን እናትህ!

ትናንት ጧት ብዙ ከተነታረክን በኋላ አንድ ነገር ተናገረች። "የሚያውቀው እሱ ነው፤ በሩ ላይ ይቁምልኝ። ብትወጣም እሱን አይታ ትመለሳለች።"

ወዲያው ዶክተር ጋሮምሳ ዘንድ ሄጄ ቀጠሮ አስያዝኩላት።

ቀጠሮው ሐሙስ ጧት ነው። ረቡዕ ከባቱ ተነሳ፤ ቀጥታ የሚመጣ መኪና ካጣህ ሞጆ ላይ ቀይር። መጀመሪያ አልጋዋ ጫፍ ተቀመጥና የማታውቀውን እንደምታውቅ አድርገህ መናገርህን ንገራት። ያሳፍራል ብለህ አትሽሽ፤ ብትቆጣህም ቻል። ከዚያ በኋላ በሩ ላይ ቁም። አጉል እምነት ነው ብለህ ከእኔ ጋር እንዳትከራከር። እናቱ ስትታከም በር ላይ መቆም ለማንም ልጅ ያስፈልገዋል።

ስትነቃ "የት ሄጄ ነበር?" ብላ መጠየቋ አይቀርም። ያን ጊዜ እጇን ያዝና "አላውቅም፣ እማዬ" በላት።

የተናደደችብህና የምትወድህ አክስትህ፣
ሰብለወንጌል
ከአዳማ