ለአባባ የሚነበበው ደብዳቤ

ባሕር ዳር፣ ሰኔ 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአምሐ፤

ጣናን የሚያህል ሰላምታዬ ከነንዴቴ ይድረስህ። እማዬ ደኅና ናት፤ አባባም ደኅና ናቸው። ደኅና ያልሆንሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በአንተ ምክንያት።

ስንት ጊዜ ልንገርህ? አባባ ደብዳቤህን ብቻቸውን አይሰሙም። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሥራ ባልደረባቸውን ጋሽ ዓምደ ሚካኤልን ጠርተው፣ እኔን መካከል አቁመው፣ “በይ አደይ፣ ጮክ ብለሽ!” ይሉኛል። ሰው ፊት መቆም እንደማልወድ ታውቃለህ። አንተ ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ “ሐሳቤ ንግድ ነው፤ ለዚያ የሚበጀኝ የምህንድስና ትምህርት ሲቪል ነው፣ ኤሌክትሪካል ነው ወይስ መካኒካል?” ብለህ ጽፈሃል። በዛሬ ጊዜ ነጋዴ ማለት ስድብ እንደሆነ ጠፍቶህ ነው?

ዘለልሁት። ወደ ስንብቱ ሳልፍ አባባ፣ “ታዲያ የቱን መረጠ?” አሉኝ። “መካኒካል” አልሁ፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። አባባ ብድግ ብለው፣ “የኛኑ ማሽኖች ሊጠግን ነው!” አሉ። ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ደግሞ መነጽራቸውን እያወጡ፣ “እስቲ አምጪው፣ በዓይኔ ልየው” ሲሉ ደብዳቤውን ጉያዬ ከትቼ ወደ ጓሮ ሮጥሁ። “ይቺ ልጅ ዓይነ አፋርነቷ!” ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ። ቅዳሜ አክስታችን እትዬ ወለላ ከደቅ ደሴት በታንኳ ሲመጡ፣ ያንተን ስም ሳላነሣ፣ “ነጋዴ ለመሆን ምን ማወቅ ይበጃል?” አልኋቸው።

“ምን እንደሚሰበር!” አሉኝ። “የወፍጯችን ቺንጋ፣ ማዞሪያ ቀበቶው፣ ከተበጠሰ ወሩ። ይኸው ለማስፈጨት ውኃ አቋርጬ መጣሁ። ቺንጋ የያዘ ሰው ባገኝ የጠራውን እሰጠው ነበር።”

አየህ? አንተ መጽሐፍ ስታገላብጥ ያጣኸውን እሳቸው እህላቸውን ከታንኳ እያወረዱ ነገሩኝ። መንገድና ድልድይ የሚያሠራው መንግሥት ነው። ወፍጮና የውኃ ፓምፕ ግን የትም አለ፤ የትም ይሰበራል። ንግድ የማያሰድብበት ቀን ሲወጣ ጠጋኙም፣ ዕቃ ሻጩም አንተ ትሆናለህ። ውሸቴን እውነት አድርግልኝ፤ መካኒካል ግባ።

ደግሞ አታመንታ። ሌላ ገብተህ ሳይስማማህ ብትቀይር አንድ ዓመት ይጨመርብሃል። ስምንተኛን ሳልፍ አባባ፣ “መጀመሪያ አምሐ ይጨርስ፤ አንቺ ቤት ቆዪ” እንዳሉኝ አትርሳ። የምታባክነው ዓመት ያንተ ብቻ አይደለም።

ጋሽ ዓምደ ሚካኤል መነጽራቸውን ይዘው መምጣታቸው ስለማይቀር፣ ለአባባ የሚነበበውን ደብዳቤ እኔው ጽፌ እዚህ ውስጥ አጥፌልሃለሁ። በራስህ እጅ ጽሕፈት ገልብጠህ መልሰህ ላከው። ንግድ የምትል ቃል የለችበትም። የመጨረሻዋ መስመር፣ “አደይ በመስከረም ዘጠነኛ ክፍል ትመዝገብ፤ የእኔን መጨረስ አትጠብቁ” ትላለች።

የደቁ ናርጋ ሥላሴ ይጠብቅህ፤ ልብህንም አንድ ቦታ ያቁምልህ።

እኅትህ አደይ

ይህን አንብበህ ቅደደው። እኔ ያንተን መስመር ዘልያለሁ፤ አንተ ግን የእኔን እንዳትዘላት።