የታመመ በርበሬ ስላቃጠለው ስለ ገረሱ፣ ለቀራንዮ የእርሻ ሹም

ይድረስ ለክቡር ሲኞር፣ የቀራንዮ እርሻ የበላይ ሹም፤

ክረምቱ ሳይከብድዎ፣ እንቅልፍዎም በተኩስ ሳይቋረጥ ሰነበቱ ወይ? እኛ፣ ከእርስዎ ሹመት ወዲህ የተረፍነው፣ ደኅና ነን። ውለታዎ ብዙ ስለሆነ እንዳይዘነጋኝ በተራ እያስቀመጥኩ አመሰግናለሁ።

፩ኛ፦ በርበሬ በተነሣበት መሬት ባቄላና ገብስ እያፈራረቅን ስንዘራ፣ እርስዎ ለጦር ሰፈሩ ወጥ ቤት በየዓመቱ ከዚያው መደብ በርበሬ ይምጣ ብለው ከማፈራረቅ ድካም አሳርፈውናል። በሽታው ከዓመት ዓመት አፈር ውስጥ የሚከርም መሆኑን ብንነግርዎ፣ ስንፍናችንን በትዕግሥት ገሥጸውልናል።

፪ኛ፦ የጭነት መኪና፣ የካሚዮን፣ መንገድ ሲያስጠርጉ የማሳችንን ውሃ የሚያወጣውን ቦይ በድንጋይ ስላስደፈኑልን፣ ችግኙ ሐምሌን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆመ። ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ጠቆረ፤ ቅጠሉ የፈላ ውሃ እንደፈሰሰበት ተንጠለጠለ፤ ስንነቅለው ሥሩ በእጃችን ላይ ሟሸሸ።

፫ኛ፦ ከአገርዎ ከኢጣሊያ የመጣው ወጣት የእርሻ ባለሙያ ጫማውን አውልቆ ከጎረቤቴ ከገረሱ ጋር ጭቃ ውስጥ ገብቶ ነበር። ቦዩ ይከፈት፣ ችግኙ ይራራቅ፣ የታመመው ተነቅሎ ይቃጠል፣ በጤነኛው ሥር የከረመ ፍግ ይደረግ፣ ፍጉ ውስጥ ያለው ደግ ሻጋታ ክፉውን ይበላዋል አለ። በሳምንቱ ወደ ኦጋዴን አዛወሩት። ስለ ፍጥነትዎ ምስጋናችን የላቀ ነው።

፬ኛውን ለመጻፍ እጄ ስለሚከብድ፣ ከቃላቴ የተዛባ ቢኖር ይቅር ይበሉኝ። ገረሱ ባለሙያው እንዳለው አደረገ። የታመመውን ነቅሎ ከማሳው ዳር ከመረና እሳት ለቀቀበት፤ እርጥብ ስለነበረ ጭሱ ከፍ ብሎ ወጣ። እርስዎ ከወታደር ጋር ደርሰው በአስተርጓሚ «ይህ ጭስ ለየትኛው ሽፍታ ምልክት ነው?» ብለው ጠየቁት። እሱም ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ጌታዬ፣ የታመመው ካልተቃጠለ ጤነኛው አይተርፍም» አለ። አስተርጓሚው ወደ ቋንቋዎ እንዴት አድርጎ እንደመለሰው አላውቅም። ፊትዎ ግን ሲለወጥ አይቻለሁ፤ ባቄላዬ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ነበርና።

እጁን የፊጥኝ አስረው ወሰዱት። ሚስቱ ጉዲቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ከቀራንዮ እስከ እስር ቤቱ ስንቅ እያመላለሰች ሰነበተች። ዘበኞቹ አገልግሉን ተቀብለው ባዶውን ይመልሱላት ነበር። አንድ ጧት ከነምግቡ መለሱትና «ከእንግዲህ አታምጪ» አሏት። ለምን እንደሆነ አልነገሯትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ያን ምግብ ሳትነካው እኔ ቤት ደጃፍ አስቀምጣ እስኪመሽ ተቀመጠች።

እነሆ፣ እንግዲህ ነቅሎ የሚያቃጥል ስለሌለ በሽታው ከገረሱ ማሳ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ታችኞቹ ወርዷል። ጸጥታ ስላወረዱልን ዕድሜ ይስጥልን። እኔም ጉዲቱን ይዤ እርስዎ ወደማይደርሱባቸው ዘመዶቿ መሄዴ ስለሆነ፣ ቤቴን ሲያስፈትሹ በሩን እንዳይሰብሩት ክፍት ትቼዋለሁ። የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ሕዝብ እንዲያነበው በገበያው ዛፍ ላይ ተለጥፏል።

የጸጥታዎ ተካፋይ፣ የደግነትዎ ምስክር፣ በቀራንዮ በርበሬ ትተክል የነበረች
ወለተጻድቅ
ነሐሴ ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወታደሮችዎ በራስዎ መኖሪያ ለሚያስተክሉት አዲስ እርሻ ባለፈው ቅዳሜ ችግኝ ሲወስዱ፣ ያነሡት ከታመመው መደብ ነበር። ልናገር አፌን ስከፍት አንደኛው በሰደፍ ደረቴን መታኝ፤ ችግኙንም ጭነው ሄዱ። በአጥርዎ በኩል ሳልፍ አየሁት፤ ለጊዜው ቅጠሉ አረንጓዴ ነው።