አባባ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጡ

ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃውን ስትወጪ አሁንም ታማርሪያለሽ? ታናሼስ ትታዘዝሻለች ወይስ እንደ ልማዷ ለሥራ ስትጠሪያት ጆሮዋን ያማታል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። አባባም ደህና ናቸው። ይህን ያስቀደምኩት ልብሽ እንዳይሰቀል ብዬ ነው።

አባባ ሊጠይቁኝ ሲመጡ፣ “አደራ፣ የዘማቾቹ መታሰቢያ ጋ እንዳትወስጃቸው፤ የተኛ ነገር ትቀሰቅሺባቸዋለሽ” ብለሽኝ ነበር። እማዬ፣ እኔ አልወሰድኳቸውም፤ እሳቸው ናቸው የወሰዱኝ። እሑድ ጠዋት ጫማቸውን ወልውለው፣ ካፖርታቸውን ደርበው የስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆሙና “ተነሺ፣ አሳዪኝ” አሉ። እሺ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? መንገዱን ሙሉ ግን በጎረቤት ሠርግ ርችት ሲተኮስ ጠረጴዛ ሥር የገቡበት ቀን ከፊቴ አልጠፋ አለኝ።

ደርሰን ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሐውልቱን ከላይ እስከ ታች አዩና ዓይናቸው በተቀረጸው ወታደር ጫማ ላይ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ጫማ ሲሰፋ የኖረ ሰው ሌላ ምን ያያል። “ይሄ ልጅ ማሰሪያውን እንዲህ አስሮማ የትም አይሮጥም” አሉ። ከኋላችን አንድ ሽማግሌ ሳቁ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ እሳቸውም ዘምተዋል። “በመጣሁ ቁጥር ይህንኑ እላለሁ፤ የሚሰማኝ አጥቼ ነው እንጂ” አሉ።

ከዚያ ሦስታችንም ምሳ ቤት ገባን። አባባ መቼም ጀርባቸው ግድግዳ፣ ፊታቸው በር ካልሆነ እህል በጉሮሯቸው አይወርድም። ለካ ሾፌሩም እንደዚያው ናቸው። ሁለቱም ጥግ ወዳለችው ወንበር ተሽቀዳደሙና እጃቸው መደገፊያው ላይ ተገናኘ። ተያዩ። ሾፌሩ ቀስ ብለው “ዛሬ ተረኛው እኔ ነኝ። አንተ ብላ፣ በሩን እኔ አይልሃለሁ” አሏቸው።

አባባም ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡ። አስተናጋጁ ትሪ ሲጥል ደንግጠው ቀና አሉ፤ ሾፌሩ “ምንም የለም፣ ብላ” ሲሏቸው ወደ ሳህናቸው ተመለሱ። ጠርገው በሉ። እኔ አፍንጫዬን የምጠርግ መስዬ አለቀስኩ፤ እፎይ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

እኛ ያቺን ቤታችን በር ፊት ለፊት የሚቀመጡባትን ወንበር “ዙፋን” እያልን እንስቅባቸው ነበር። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ሲጠብቁን ኖረዋል፤ ተረኛ የሚተካቸው አጥተው።

ታናሼን ጉንጯን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ። አክስቴን፣ ሳሉ አልለቀቀውም ያልሽኝን አጎቴንም ሰላም በይልኝ። ለበዓሉ አባባን ይዤ እመጣለሁ። ገበታው ሲቀርብ ያቺን ወንበር ለእኔ ተይልኝ፤ በሩን እኔ አያለሁ።

ልጅሽ

ከዋናው ከተማ፣ ከስፌት ቤቱ ጓዳ
ማክሰኞ ጠዋት