በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው

ሐሙስ፣ ጥር 14 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለሙጫዬ፣

ሙጫ ብዬ የሰየምኩሽ እግሬ ላይ ተለጥፈሽ አልላቀቅ ስላልሽ ነበር። ሙጫ ባሕር ተሻግሮ ሲሄድ ያየሁት ባንቺ ነው። ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ያማርራል፣ ዓይኔም ደከም ብሏል። ጎረቤታችን ሲስተር በመጣች ቁጥር "ወንበርዎን ወደ መስኮቱ ያስጠጉት እንጂ፤ ምን በሩ ፊት ያስጎልትዎታል?" ትለኛለች። ነፋስ አልወድም እላታለሁ።

ሌላው ዜና፣ ተከስሼ ነበር።

አትደንግጪ፤ "ነበር" ያልኩት ለጌጥ አይደለም። ያለፉት አራት ወራት ደብዳቤዎቼ ስለ ዝናብና ስለ ድመቷ ብቻ የሆኑት ለዚህ ነው። ድመቷ ያን ያህል የሚወራላት እንዳልሆነች ሳትጠረጥሪ አልቀረሽም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ የቁልፍ መሥሪያ ሱቄ መጥታ "ቤቴ ተቆልፎብኝ ውጭ ቀረሁ" አለችኝ። ሄድኩ፣ ከፈትኩላት፣ ተመለስኩ። ለካ ቤቱ የወንድሟ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አብራው ኖራ ሲጣሉ ቁልፉን ቀይሮ አስወጥቷታል። እሷ የስፌት መኪናዋን ይዛ ወጣች፤ እሱ "ተሰረቅኩ" ብሎ አመለከተ። እኔ ደግሞ ግብረ አበር ተባልኩ። በአርባ ዓመት የሥራ ዘመኔ የተሰጠኝ የመጀመሪያው ማዕረግ ነው።

መርማሪው ቃሌን ሲቀበል "ቁልፉን ሰብሮ" ብሎ ጀመረ። ታውቂኛለሽ፤ እኔ ቁልፍ ሰብሬ አላውቅም። "ይሰረዝ!" አልኩ። በምትኩ "ሳይሰብር፣ ሳይጭር፣ በአራት ደቂቃ ከፍቶ" ተብሎ ተጻፈልኝ። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ።

ከዚያ የክስ ወረቀቱ መጣ። ወፍራም መጽሐፍ አስፈርቶኝ አያውቅም፤ ይህ ግን ገጹን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቀኑን፣ ሰፈሩን፣ የበሩን ቀለም ሳይቀር አልፌ በስተመጨረሻ ግሱ ጋ ስደርስ ተከስሼ አገኘሁት። ዳኛዋ "ክሱ ገብቶዎታል?" ሲሉኝ "ሰዋስዉ ገብቶኛል" አልኩ።

"ጠበቃ ያቆማሉ?"

"እውነት ይዤ ጠበቃ ምን ያደርግልኛል?"

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "አባት፣ እዚህ የሚቆም ሁሉ እውነት ይዣለሁ ነው የሚለው። ጥፋተኛ ከተባሉ እስር አለ፤ የሥራ ፈቃድዎም ይሰረዛል። አቅም ከሌለዎት መንግሥት ያቆምልዎታል።"

እስሩንስ ይሁን ብዬ ነበር። ፈቃዱን ስሰማ ግን "ያቁምልኝ" አልኩ።

የተመደበችልኝ ተከላካይ ጠበቃ ያንቺ እኩያ ናት። ቢሮዋ ደረጃ ሥር ያለች ክፍል ስትሆን፣ ወንበሩ ላይ መዝገብ ስለተቀመጠ ባለጉዳይ ይቆማል። የፈረምኩትን ቃል አነበበች።

"አባቴ፣ ይህን ማን አስጻፈዎት?"

"እኔው።"

"ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ከዚህ አሳምሮ አይጽፈውም።"

ከዚያ መዝገቡን መሬት አውርዳ አስቀመጠችኝና እስከዚያ ቀን ማንም ያላስረዳኝን አስረዳችኝ። "መክፈትዎን አንክድም። እነሱ ማረጋገጥ ያለባቸው ለስርቆት መሆኑን እያወቁ መክፈትዎን ነው። ቤቷ ነው ብለው በምን አመኗት?"

"ጠየቅኋታ!"

"ምን ብለው?"

ያው አንቺ የምታውቂውን። በር ከመንካቴ በፊት "ሲከፈት መጀመሪያ ምን ይታያል?" እላለሁ። የቤቱ ሰው ሳያስብ ይመልሳል፤ ሌላው ጣራ ጣራ ያያል። መልሱን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ ስከፍት ካልገጠመ መልሼ ቆልፌ እሄዳለሁ።

ብድግ አለች። "በጽሑፍ አለ? ለምን ለፖሊስ አልሰጡም?"

"የሰው ገበና የተጻፈበት ደብተር ለፖሊስ ይሰጣል እንዴ?"

በማግስቱ ወሰድኩላት። ሁለት ገጽ እንዳነበበች ራሷን ያዘች። "አድራሻ፣ ቀን፣ ከበሩ ጀርባ ያለው ዕቃ... አባቴ፣ ይህን ያየ ሁሉ የሌባ ደብተር ነው የሚለው!" የኔ ልጅ፣ ያን ጊዜ በእውነት ፈራሁ። በንጽሕናዬ የምኮራበት ነገር ሊያሳስረኝ ነው።

"ከነዚህ ቤቶች የተዘረፈ አለ?"

"አንድም።"

"እንግዲያው እናቀርበዋለን። እርስዎ ግን ሲጠየቁ 'ጥፋተኛ አይደለሁም' ብቻ ይበሉ። ደቂቃ እንዳይጠሩ!"

በቀጠሮው ቀን ጥፋተኛ አይደለሁም አልኩ። አራቱን ደቂቃ ዋጥኳት።

ዛሬ ጠዋት ወንድምየው መሰከረ። ተከላካይዋ ሐኪም በሽተኛውን በሚጠይቅበት ድምፅ ጀመረች።

"በዚያ ሰሞን በርዎ ሲከፈት መጀመሪያ ምን ይታይ ነበር?"

"የስፌት መኪና። አረንጓዴ፣ ፔዳሉ በገመድ የታሰረ።"

"ማን ነበር የሚሰፋበት?"

"እሷ ናታ! እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እንዴ?"

ይህን ካለ በኋላ ነው የራሱን ቃል የሰማው። ተከላካይዋ ደብተሬን ከፍታ የዚያን ቀን ገጽ አነበበች፤ ከገመዱ ጭምር አንድ ነው። ዳኛዋ ደብተሩን ተቀበሉ። ለዚህ ክስ ተብሎ የተጻፈ እንዳይሆን ለማየት ይመስለኛል፣ ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሱት።

"ይህስ የማን ነው? ሃያ ሁለት ዓመቱ።"

"የልጄ ነው። ሰባት ዓመቷ ነበር። ቁልፍ ጥላ ደረጃው ላይ ስታለቅስ አገኘኋትና ለማሳቅ ብዬ 'ለማላውቀው ሰው አልከፍትም' አልኳት። ልማዱ ከዚያ የመጣ ነው።"

ጮክ ብለው አነበቡት። "የአባባ ወንበር። ወንበሩ ላይ መጽሐፍ። መጽሐፉ ላይ መነጽር።" ቀና አሉና "ገጠመ?" አሉኝ።

"ገጥሟል።"

"ልጅዎ አሁን የት ናት?"

"ሩቅ" አልኩ። ዐቃቤ ሕጉ እንኳ ወረቀት ማገላበጡን ተወ።

እያወቅኩ መርዳቴ ስላልተረጋገጠ መከላከያ ምስክር ማሰማት ሳያስፈልገኝ በነጻ ተሰናበትኩ። አብራኝ የተከሰሰችው ልብስ ሰፊም መኪናው የራሷ መሆኑ ስለታወቀ እንደዚሁ። ስንወጣ የኮቴን እጅጌ ሳብ አድርጋ አየችና "ይህን ለብሰው ነው ነጻ የወጡት? ያምጡት፣ ልስፋልዎት" አለችኝ።

ደብተሬ ተመልሶልኛል። ስትሄጂ ቁልፍሽን ጠረጴዛው ላይ ትተሽ ነበር። እዚያው አለ። ያን ቀን ተጣልተን የተባባልነውን እኔ የትም አልጻፍኩትም፤ አንቺም ከጻፍሽው ቅደጂው። ድንገት ብቅ ብትዪና ባታገኚኝ ሱቅ ነኝ፤ ደረጃው ላይ ጠብቂኝ። ጥያቄው ያው ነው። መልስሽም አልተሳሳተም፤ አንድ ዕቃ አላንቀሳቀስኩም። ለሲስተር ግን ነፋስ ነው ብያታለሁና እንዳታጋልጪኝ።

ከአራት ደቂቃ በታች ነው የሚከፈተው።

ያንኳኳሽው ሁሉ ይከፈትልሽ፤ የሚቆለፍብሽ አይኑር።

አባትሽ፣
የቀድሞው ግብረ አበር