ክፍት ሆኖ የተገኘው በር

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ኩብራ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እማዬ፣ እንኳን ለዒድ አደረሰሽ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ዝናቡስ አሊዩ አምባ ጣለ? እኔ ከጤና በኩል አልሐምዱሊላህ፤ የሚያመኝ የድምፅሽ መራቅ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለሥልጠና መጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን በሚመለሰው በተክለጊዮርጊስ እጅ የላክሁት በፖስታ የማይጻፍ ነገር ስላለበት ነው። ወንድሜ ፈረጅ ብቻ ያንብብልሽ።

አጎቴ ሸህ ዘይኑልአቢዲን «ልጅቱን ፈረንጅ አገር የላክናት የሰው በር ስትፈትሽ እንድትውል ነው ወይ?» ብለው መቆጣታቸውን ፈረጅ ጽፎልኝ ሳቅሁም፣ አዘንሁም። ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ኮምፒዩተሮች በሽቦ ተያይዘው ይነጋገራሉ። እያንዳንዱ በቁጥር የሚታወቁ ብዙ በሮች አሉት፤ በአንዱ መልእክት ይገባል፣ በሌላው ወረቀት ይታተማል። መዘጋት ያለበት ክፍት ከቀረ የማይገባው ሰው ይገባል። መምህሬ ወይዘሮ ኢሎና በሮቹን ተራ በተራ እያንኳኳ የትኛው እንደሚከፍት የሚነግር ፕሮግራም እንድጽፍ አዘዙኝ፤ ፈቃዱንም ከአለቃቸው በፊርማ አመጡልኝ። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማንኳኳት እዚህም ነውር ነው። መጀመሪያ የጻፍሁት መልስ በማይሰጥ በር ላይ ተገትሮ ይቀር ነበር። «የሚታገሥበትን ልክ ወስኚለት፤ ካልመለሱለት ይለፍ» አሉኝ። እሱን ሳስተካክል ተቃና።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሙ ማንም የማያውቀው ክፍት በር አገኘ። የውጭ አገር ተማሪዎች ጉዳይ ወደሚቀመጥበት ኮምፒዩተር የሚያስገባ ነው። እዚህ መንግሥቱ ስለተለወጠ ማን እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚመለስ ገና አልተነገረንም ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ገብረአብ፣ እንደ ወንድሜ የማየው የመዘዞ ልጅ፣ ይህን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ከተመለሰ ወደ ጦር ግንባር እንደሚወስዱት ያምናል፤ ታላቅ ወንድሙ ሄዶ ቀርቷል። «መሊካ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንይ። የራሳችን ጉዳይ እኮ ነው። ከመለሱኝ አስቀድሜ መሄጃዬን ልፈልግ» ብሎ ለመነኝ።

የእኔም ስም እዚያ ነበር፣ እማዬ። ግን እዚያ ውስጥ የሁላችንም የወላጅ ስምና የትውልድ ቀበሌ አለ፤ ከአገሩ ሸሽቶ የመጣም አለ። እኛ የገባንበት ለሌላም ይሆናል። «እንዳንኳኳ እንጂ እንድገባ አልተፈቀደልኝም። ይልቅ ና፣ አብረን ሄደን እንጠይቅ» አልሁት። ተቆጥቶ ወጣ። ለወይዘሮ ኢሎና ነገርኋቸው፤ በሩንም ቆመው አስዘጉት።

በማግስቱ ገብረአብ ዓይኑ አብጦ መጣ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ወይዘሮ ኢሎና ሁለታችንን ይዘውን የውጭ አገር ተማሪዎችን ጉዳይ ወደሚወስነው ቢሮ ሄዱ። ስለ ወንድሙ ሲናገር ድምፁ ስለተቆራረጠበት እኔ ጨረስሁለት። ስለ ራሴ አንድም ቃል ሳልናገር ወጣሁ። በሳምንቱ ውሳኔው ተነገረን፤ ገብረአብ ትምህርቱን እስኪጨርስ ይቆያል። እኔ የመጀመሪያውን ዲግሪ ይዤ እመለሳለሁ፤ የሚቀጥለው ቀርቷል።

ገብረአብ ከእኔ ብሶ አለቀሰ። «ያን ቀን አይተሽው ቢሆን ኖሮ የምትለምኚው ለራስሽ ነበር» አለኝ። እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። «እንኳን አላየሁት» አልሁት።

አዝኛለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን ክረምቱ ሳይጠና ኢንሻአላህ አንቺ ዘንድ እደርሳለሁ፤ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ኀዘኑ ይረሳኛል። ከአንኮበር ቁልቁለቱን ስወርድ ፊት ለፊት ማንን እንደማይ አውቃለሁ። እባክሽ ፀሐይ ላይ ቆመሽ አትጠብቂኝ።

የአጎቴን እጅ ሳሚልኝ። ፈረጅን እቀፊልኝ፣ አራሷን ባለቤቱን አፊፋን፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚሏትን ጎረቤታችንን እትዬ ወለተሐናንም ጭምር ሰላም በይልኝ። አዲሷን ሕፃን ግን ማንም አይሳምልኝ፤ እሷን ራሴ መጥቼ እስማታለሁ።

ልጅሽ መሊካ

ቡዳፔስት፣ ሚያዝያ ፳ ቀን ፲፱፻፹፪ ዓ.ም.