የፌንጣዋ ሆርሞንና ጋሽ ካሱ

ውድ ጋሽ ካሱ፣

ዓይንዎን ታክመው ገረሴ መግባትዎን ሰማሁ። ፋሻው እስኪነሳ ድረስ ደብዳቤ የምታነብልዎት ልጅዎ ዮርዳኖስ ናት አሉኝ። ይሁን፣ እሷም ትስማው። ሦስት ዓመት ሙሉ የደበቅሁትን ነው የምጽፍልዎት።

ለማስትሬት ትምህርት ከደሴ አርባ ምንጭ ስመጣ፣ እርስዎን ዕቃ የሚያጥቡ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ብቻ አድርጌ ነበር የማይዎት። አማካሪዬ ዶክተር ሶፎንያስ የፌንጣን ሆርሞን እንዳጠና ነግረውኝ፣ እጢውን ማውጣት የሚያሳዩኝ ጋሽ ካሱ እንደሆኑ ሲጨምሩልኝ ቅር አለኝ። በማግስቱ ከጫኖ የሙዝ ማሳ ያመጣናትን ፌንጣ ማይክሮስኮፕ ሥር አድርገው፣ ከአንጎሏ ጀርባ ያለችውን ከጤፍ ፍሬ የምታንስ እጢ ሳትቀደድ አወጧት። እኔ አሥራ አንድ ጭንቅላት አበላሸሁ። አሥራ ሁለተኛውን ስጀምር ክርኔን ጠረጴዛው ላይ እንዳሳርፍ በእጅዎ አሳዩኝ።

ሆርሞኑም በደንብ የገባኝ ከእርስዎ ነው። መጽሐፉ አሥር አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት አጭር ፔፕታይድ ነው፣ ሁለቱም ጫፎቹ የተዘጉ ናቸው ይላል። ለምን እንደተዘጉ ስጠይቅዎ የዮርዳኖስን የአንገት ዶቃ ጠቀሱልኝ። ክሩ ጫፉ ላይ ካልተቋጠረ ዶቃው አንድ በአንድ ይረግፋል፤ ሆርሞኑም ጫፉ ካልተዘጋ በፌንጣዋ ደም ያሉት ኢንዛይሞች ከዳር ጀምረው ይበሉታል አሉኝ። ፌንጣዋ ሩቅ ስትበር እጢዋ ሆርሞኑን እንደሚለቅ፣ መልእክቱ ሲደርስም ያጠራቀመችው ስብ ወደ ደሟ ወጥቶ ክንፏን እንደሚያሠራ አስረዱኝ። የት እንደተማሩት ብጠይቅዎ፣ ተማሪዎች ሲያጠኑ እያዳመጡ መሆኑን ነገሩኝ።

ከዚያ ሙከራው መጣ። ለግማሾቹ ፌንጣዎች ከእጢው የተዘጋጀውን፣ ለግማሾቹ ውኃ ብቻ ወጋሁ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ደማቸውን ስለካ የሁለቱም ስብ ጨምሮ ተገኘ። ውኃ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ያው ሆነ። ጽሑፌን ለማስገባት የቀረኝ አምስት ሳምንት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ላቦራቶሪው ባዶ መስሎኝ፣ ውኃ የተወጉትን ቁጥር ሰርዤ ዝቅ አድርጌ ጻፍኩ። ቀና ስል እርስዎ በሩ ላይ ቆመዋል።

ለአማካሪዬ የሚናገሩብኝ መስሎኝ ደብተሬን ዘጋሁት። እርስዎ ግን ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ቁጥሩ አልዋሸሽም" አሉኝ። "ውኃ የወጋሻቸውም ስብ አውጥተዋል። ከሣጥኑ ስታወጪያቸው፣ ስታገላብጫቸው ይደነግጣሉ። የደነገጠች ፌንጣ ልትሸሽ ስንቋን ታወጣለች። ቁጥሩን ተይው፤ እነሱን አትረብሻቸው።"

ሁለት ቀን ሙሉ ከእኔ ጋር ለፉ። እያንዳንዷን ለብቻዋ በትንሽ ሣጥን አድርገው በጨርቅ ሸፈኑ። ጫማዎን አውልቀው በካልሲ ይራመዱ ነበር፤ በሩንም ለማንም አልከፈቱም። እንደገና ስንለካ ውኃ የተወጉት ባሉበት ቀሩ፤ ሆርሞኑን የተወጉት ግን ስባቸው ከእጥፍ በላይ ሆነ። እኔ አለቀስኩ። እርስዎ የሰረዝኩትን ገጽ እንዳልቀደው፣ የተሳሳትኩበትም መታየት እንዳለበት ነግረውኝ ወደ ሴቻ ሰፈር የሚሄደውን ሚኒባስ ለመያዝ ወጡ።

ገጹን ቀደድኩት፣ ጋሽ ካሱ።

ጽሑፌን ባቀረብኩበት ቀን ከፈታኞቹ አንዱ፣ ፌንጣዎቹን ማሳረፍ እንዴት እንደታሰበኝ ጠየቁኝ። "ራሴ አስተውዬ ነው" አልኩ። እርስዎ የፕሮጀክተሩን ገመድ አምጥተው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ስጨርስ ከሁሉም አስቀድመው ያጨበጨቡት እርስዎ ነዎት። እኔ ግን ዓይንዎን ማየት አቃተኝ፤ ሳልሰናበትዎት ወጣሁ።

ዛሬ እኔም አስተማሪ ሆኛለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ የሚያየውን ነገር እንደ እርስዎ አክብሮ የሚያይ ግን አላገኘሁም። ጥናታችን በአንድ መጽሔት ሊታተም ተቀባይነት ሲያገኝ፣ የእኔና የዶክተር ሶፎንያስ ስም ብቻ እዚያ ላይ ተቀምጦ ሳየው እንቅልፍ አጣሁ። ባለፈው ሰኞ ቢሯቸው ገብቼ፣ የቀደድኩትን ገጽ ጭምር፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸውም ስምዎን እንዳስገባ፣ ከዚያ በፊት ግን ይቅርታ እንድጠይቅዎት አዘዙኝ። ባያዙኝም እጠይቅዎት ነበር።

ይቅር ይበሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ገረሴ እመጣለሁ። ስምዎ ከእኔ ስም ቀድሞ ተጽፏል፤ የሚቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው። አልፈርምም ካሉም አልከራከርዎትም፤ ያለ ስምዎ ግን አይታተምም።

በመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ከስሜ በፊት መጻፍ የነበረብኝን አንድ ቃል አሁን ልጻፈው፦

ተማሪዎ፣
አገርነሽ